አንዲት ፀጉር፣ ከኸሽም ኤል ቂርባ ውሃ ሥር

ፀጉሬ ዛሬ አንድ ጣት ያህል አድጓል። ለሌላ ሴት ይህ ወሬ አይሆንም። እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው በምላጭ ስላጨው ኖሬ፣ ምላጩን የጣልሁት ሥራዬን ባስረከብሁ ማግስት ነው። ሰው ሥራ ሲለቅ ሰዓት ይሸለማል፤ እኔ ፀጉር አበቀልሁ። ነገሩን መጻፍ የፈለግሁት ዛሬም ድረስ ስለ ራሴ መላጨት የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ ልጄ ሣራ ታቃናልኛለች።

ሥራዬ መስታወት መቀጠል ነበር። ፋይበር የሚሉት ገመድ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። ስልኩም ኢንተርኔቱም በዚያ መስታወት ውስጥ ብርሃን ሆኖ ይሮጣል። አንዱ ገመድ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ እጅ ያስፈልጋል። ከገዳሪፍ እስከ ከሰላ፣ ከጋላባት መንገድ እስከ መፋዛ ድረስ ብዙውን ጊዜ ያ እጅ የእኔ ነበር። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል፤ አልደብቀውም።

ከመተማ ቆላ ወደ ሱዳን የተሻገርሁት ከባሌ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ባሌ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። ሣራን አዝዬ መጋዘን ውስጥ ከሰሊጥ ጠጠር ስለቅም ከረምሁና፣ የገመድ ዘርጊዎች ሰፈር ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ወረቀቴ ላይ «ፈራሻ» ተብሎ ተጻፈ፤ ጠራጊ ማለት ነው። ኋላ መስታወት ስቀጥል እንኳ ወረቀቱ አራት ዓመት ያህል ፈራሻ እንዳለኝ ቆየ።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። የልጄን የመጠጥ ውሃ ሁለቴ አፈላለሁ። ሣራ ሕፃን ሳለች በተኛችበት ትንፋሿን እቆጥር ነበር። ሙያውን ያስገኘልኝም ይኸው ፍርሃቴ ነው።

መስታወቱ ሲቆረጥ ብጣሽ ይወድቃል። ብጣሹ ለዓይን አይታይም፤ ቆዳ ውስጥ ከገባ ግን በቀላሉ አይወጣም። ድንኳኑን ስጠርግ የምፈራው በቀሚሴ ይዤው ቤት ብገባ፣ ሣራም ጭኔ ላይ ስትተኛ ዓይኗ ውስጥ ቢገባስ እያልሁ ነበር። መጥረጊያውን አላመንሁም። እናቴ ብርጭቆ ሲሰበር እንደምታደርገው አንድ ጭብጥ ሊጥ ከቤት ይዤ መጣሁና ጠረጴዛውን በሊጡ እየጠቀጠቅሁ ለቀምሁት። ፀሐይ ላይ ባወጣው ሊጡ ያብለጨልጫል። ቆጠርሁት። ከዚያ ኡስጣ በሽርን ፍለጋ ሮጥሁ።

ኡስጣ እዚህ አገር ዋናውን ባለሙያ የሚጠሩበት ነው። ኡስጣ በሽር አባታቸው የገዳሪፍ ሰው፣ እናታቸው የጎንደር ሴት ነበሩ። አማርኛውን የተማሩት ከእናታቸው ጓዳ ስለሆነ፣ ያ ግዙፍ ጺማም ሰውዬ አማርኛ ሲያወራ እንደ ባልቴት ነበር። ለሶላት ሲታጠቡ አገኘኋቸው።

«ኡስጣ፣ አንድ ጎድሏል» አልኋቸው።

«ምን ጎደለ፣ የኔ እናት?»

«ዛሬ ሃያ አራት መስታወት ቀጥላችኋል። ከእያንዳንዱ ሁለት ብጣሽ ይወድቃል። ያለኝ አርባ ሰባት ነው።»

ሊጡን አዩ። እኔን አዩ። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ልጅ አለችኝ።»

ወዲያው እጥፍ ባለው እጅጌያቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። «አይንቀሳቀሱ» ብዬ በሊጡ አነሣሁት። አርባ ስምንት ሞላ። ኡስጣ ውሃው ከጺማቸው እየተንጠባጠበ ሳቁ። «ያ ሰላም! ይህን ያህል ዘመን ስሠራ ብጣሽ የሚቆጥር ሰው አላጋጠመኝም። ነገ ጥፍርሽን ቆርጠሽ ነይ።»

እንዲህ ተጀመረ። ኡስጣ በየጧቱ ሥራ ሳይነኩ ጥፍራቸውን ይከረክሙ ነበር፤ የሚከረከም ባይኖርም ይከረክማሉ። መስታወቱን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ስጠርግ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ያልጠራ መስታወት ዝም ይላል፤ የጠራው ጣት ሲሄድበት እንደ ታጠበ ሳህን ጢጥ ይላል። «ሲጮህ ብቻ እመኚው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ጫፉ በትንሽ ምላጭ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ጫፎች በማሽኑ ውስጥ ፊት ለፊት ይቆሙና የመብረቅ ብልጭታ የመሰለ ነገር ያቀልጣቸዋል። ቅጥሉን የምታለብሰዋን ቀጭን ቱቦ ግን አስቀድሞ ማጥለቅ ያስፈልጋል፤ መስታወቱ ከተያያዘ በኋላ መግቢያ የላትም። ይህን ረስቼ ስንት ጊዜ ቆርጬ እንደ ገና እንደ ጀመርሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

መስታወቶቹ አሥራ ሁለት ቀለም አላቸው፤ ተራቸው አይዛነፍም። ሌሎቹ ከወረቀት ያነባሉ። እኔ ሰማይ፣ ብርቱካን፣ ቅጠል፣ አፈር፣ አመድ፣ ወተት፣ በርበሬ፣ ከሰል፣ እርድ እያልሁ እስከ አሥራ ሁለተኛው ጓዳዬን አስቤ ያዝሁት። አንድ ቀን ባሽሙሃንዲሱ፣ ማለትም የመሐንዲሶቹ አለቃ፣ ድንኳን ውስጥ ብቻዬን «በርበሬ ለበርበሬ፣ ከሰል ለከሰል» እያልሁ ስሠራ ሰምቶ ኡስጣን ጠራቸው።

«ይህች ሴትዮ መስታወት ነው የምትቀጥለው ወይስ ወጥ ነው የምትሠራው?»

«ማሽኑን ጠይቀው» አሉት ኡስጣ። ማሽኑ በእያንዳንዱ ቅጥል ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚባክን በቁጥር ይናገራል። ባሽሙሃንዲሱ ቁጥሩን አየ፤ የኡስጣንም ቁጥር አየ፤ ከድንኳኑ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወጥ አንስቶ አያውቅም።

ከኡስጣ ልማዶች አንዱ ግን ለሁሉም እንቆቅልሽ ነበር። ቅጥሉ የሚቀመጥበት ሣጥን አለ። በክዳኑ ሥር የላስቲክ ቀለበት አለ፤ ውሃን የሚከለክለው እሱ ነው። ኡስጣ ሣጥኑን አጥብቀው ይዘጉና ሻይ ይጠጣሉ። ሻዩን ሲጨርሱ፣ ምንም ሳይጠረጥሩ፣ የዘጉትን መልሰው ይከፍቱታል። ቀለበቱን ዙሪያውን ያያሉ። እንደ ገና ይዘጉታል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሲዘጋ የነበረው ዓይን ሥራውን ወዶታል፤ የወደደ ዓይን አያይም። ሻይ ጠጥቶ የመጣው ዓይን ግን እንግዳ ነው» አሉኝ።

በረሃብ ዘመንም በጥጋብ ዘመንም፣ በራሃድ ወንዝ ጭቃ ውስጥም ሆነ በጋላባት አቧራ፣ ይህን ሲተው አላየሁም።

ኸሽም ኤል ቂርባ የሄድነው ከዚህ በኋላ ነው። ገመዱ የግድቡን ሐይቅ ተሻግሮ ወደ ከሰላ መቀጠል ነበረበት። በምድር ሲቀበር ቁፋሮ ይበጥሰዋል፤ በምሰሶ ሲሰቀል ሌባ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በውሃው ሥር ይሂድ ተባለ። ጠላቂ ዋናተኛ እንዳይላክ ውሃው ደለል ነው፣ ወተት እንደ ነካው ሻይ፤ እጅህን ብትዘረጋ መዳፍህን አታየውም። አዞም አለ። ስለዚህ ማሽኑን አመጡ።

ማሽኑ ቢጫ ነው፤ የረጅም ሰው ቁመት አለው፤ አፍንጫው ድፍን፣ ጅራቱ ቀጭን። እንደ ዓሣው አምባዛ ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ሁሉም አምባዛ አሉት። ሰው አይሳፈርበትም፤ ከላይ የሚጎትተው ገመድም የለም። መንገዱን አስቀድመው ይነግሩታል፤ ከዚያ ራሱ ጠልቆ፣ እንደ ሌሊት ወፍ በድምፅ እየዳሰሰ ራሱ ይሄዳል። ከሁለቱ ዳርቻ የመጡት ገመዶች በጥልቁ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው ጫፍ እታች ክብደት ላይ ታስሮ ይጠብቃል፤ አምባዛው ሌላኛውን ይዞ ይወርድና ይሰካዋል። በየጫፉ ላይ አንድ አንድ የታሸገ ሣጥን አለ። የምዕራቡ ሣጥን የኡስጣ፣ የምሥራቁ የእኔ ሆነ።

መንገዱን የሚነግረው ጀማል ነበር። የጋላባት ነጋዴ ልጅ፣ አማርኛ ጀምሮ በዐረብኛ የሚጨርስ፣ ሣቂታ ሰው። አምባዛው ውሃ ሊገባ ሲል በሩቁ ሳማትበው አየኝ።

«እትዬ የሺ፣ እኔ ቢስሚላ ብዬዋለሁ፤ አንቺ በስመ አብ በይው። በሁለት በኩል ከተጠበቀ ኸላስ፣ አይጠፋም!»

«ዓሣ ነው፤ አዞ ቢበላውስ?»

«ወላሂ ብረት የበላ አዞ ራሱ ነው የሚያዝን።»

ያኔ ሚስቱ መንታ ልትገላገል ቀኗ ደርሶ ነበር። ስልኩን ከእጁ አያወጣም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የፋሲካ ዕለት ጎረቤቴ ወይዘሮ ትርንጎ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። «ሁለት ወር ጾመሽ ራስሽ ደርቆ ሊሰነጠቅ ነው» ብላ አናቴን በቅቤ አርሳ ሹሩባ ሠራችኝ። ሰኞ ጧት መኪና መጣ፤ ሣጥኑ ዛሬ ይዘጋ ተባለ። በቅቤ ላይ ሁለት ሻሽ አሰርሁ። እጄን እስከ ክርኔ ሦስት ጊዜ ታጠብሁ። በኸሽም ኤል ቂርባ የሚያዝያ ፀሐይ ግን ሻሽ አያውቅም፤ ቅቤው ቀልጦ ግንባሬ ላይ ሲወርድ ሻሹን ፈትቼ እንደ ገና አሰርሁት። እጄንም እንደ ገና ታጠብሁ። ሃያ አራቱን ቀጠልሁ፤ ሁሉም ጮኹ፤ የማሽኑ ቁጥር ሁሉ ያማረ ነበር። ቀለበቱን ጠርጌ አስገባሁ፤ ሣጥኑን ዘጋሁ። ኡስጣ ከሐይቁ ማዶ፣ የራሳቸው ሣጥን ላይ ነበሩ።

ሻዬን ጠጣሁ። መፍቻውን አነሣሁ። ያን ጊዜ በከሰላ በኩል ሰማዩ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ሲመጣ አየሁ፤ ሃቡብ ነው፣ የአቧራው ማዕበል። ብከፍተው አቧራ ይገባበታል ብዬ ፈራሁ። አልከፈትሁትም። ሣጥኑን በሦስት ጨርቅ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌው ተቀመጥሁ። በማግስቱ ጧት ጨርቆቹ አቧራ ጠጥተው አየሁና «እንኳን አልከፈትሁት!» ብዬ ራሴን አመሰገንሁ። ያን ጧት መክፈት እችል ነበር። አልከፈትሁትም።

አምባዛው ሄዶ ሰካው። ብርሃኑ ከዳር ዳር ተሻገረ። በግ ታረደ።

በሦስተኛው ሳምንት ብርሃኑ መድከም ጀመረ። ጉድለቱ በስንት ሜትር ላይ እንደሆነ የሚናገር መሣሪያ አለ፤ መሣሪያው መሰኪያው ያለበትን ጥልቅ ቦታ አመለከተ። ባሽሙሃንዲሱ ወዲያው ፈረደ፤ አምባዛው ሲሰካ ሣጥኑን መትቶታል፤ ፍጥነቱን ያበዛው ጀማል ነው። ጀማል ይባረራል፤ ማሽኑም ወደ መጣበት ይመለሳል። መንታዎቹ ያኔ የዐሥር ቀን ልጆች ነበሩ። ከሁሉ የከፋው፣ ጀማል ራሱ አመነ። «ፍጥነቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ» እያለ ደጋግሞ ያወራ ነበር።

አምባዛው ወርዶ መሰኪያውን ነቀለ፤ ሣጥኔ በገመድ ተጎትቶ ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ኡስጣ፣ ባሽሙሃንዲሱና እኔ ነበርን። ጀማል ደጅ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ኡስጣ ክዳኑን ሲያነሡት ደለል የተቀላቀለበት ውሃ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሣጥኑ ላይ የምት ምልክት የለም። ቀለበቱን በሁለት ጣት አወጡት፤ ዙሪያውን አዩት፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከዚያ መዳፋቸውን ከደኑበት።

አየሁት። ቀለበቱን አቋርጣ የተኛች አንዲት ረጅም ፀጉር፣ ግማሿ ነጭ ግማሿ ጥቁር፣ በቅቤ እንደ ተለጠፈች። በዚያ ሰፈር ያለ ወንድ ሁሉ ራሱ የተላጨ ወይም የተከረከመ ነው።

«አጥቤው ልምጣ» አሉ ኡስጣ በዐረብኛ። ሲናገሩ የሚያዩት ግን እኔን ነበር። መንገድ እየሰጡኝ እንደሆነ ገባኝ።

«ኡስጣ፣ እጅዎን ያንሡ» አልሁ።

«ዝም በይ፣ የሣራ እናት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ በእናታቸው አማርኛ። «ልጅ አለሽ።»

«ጀማልም ሁለት አለው። ያንሡ።»

አነሡ። ለባሽሙሃንዲሱ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ፀጉሩ የእኔ ነው አልሁት። በመጀመሪያ ሳቀ። «አንዲት ፀጉር? ይህን ሁሉ ውሃ?»

«ውሃ በር አይፈልግም» አሉት ኡስጣ። «ላስቲኩ በፀጉሯ ላይ ሲያልፍ ግራና ቀኟ ክፍት ይቀራል። ለሱ ይበቃዋል።»

«ከሻይ በኋላ ከፍተሽ አላየሽውም?» አለኝ ባሽሙሃንዲሱ። የኡስጣን ልማድ ሁሉም ያውቀዋል።

«አልከፈትሁም። አቧራውን ፈራሁ።»

ከድንኳኑ ውጪ ተባልሁ። መጥረጊያዬ እዚያው ጥግ ላይ ነበር፤ አነሣሁት። ኡስጣ ተከትለውኝ ወጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አንቺ ፈርተሽ ነው ጥሩ የምትሠሪ» አሉኝ። «ያን ዕለት ግን አቧራውን ብቻ ፈራሽ። እጅሽን መፍራት ረሳሽ።» እስከ ዛሬ ከዚህ የከበደ ስድብ፣ ከዚህ የበለጠ ምክር አልሰማሁም።

ጀማል ማሽኑን እንደ ያዘ ቀረ። እኔ ጠራጊ ሆንሁ። ክረምት ሳይገባ፣ ግድቡ ደለሉን ለመጥረግ ሳይከፈት፣ ሣጥኑ እንደ ገና ተሠርቶ መውረድ ነበረበት፤ የሚሠራው ግን እኔ አልነበርሁም።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ገዳሪፍ ቤቴ ገብቼ ምላጭ አነሣሁ። ሹሩባውን ፈትቼ ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ። ይህን ሳደርግ ያሰብሁት ሥራዬን ብቻ ነው። አገሬን ረሳሁ። እኛ ዘንድ ሴት የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው፤ እኔም ለባሌ ተላጭቼ ነበር።

ትርንጎ ወንፊት ልትዋስ በሩን ከፈተች። አየችኝ።

«ወይኔ! እቴ! ማን ሞተብሽ?»

አፌን ሳልከፍት እሪታውን ለቀቀችው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ፤ አንዷ ደረቷን እየደቃች «ምነው ያገሬ ልጅ!» ትላለች፤ ማንን እንደምታለቅስ አታውቅም። ማዶ ያለችው ሱዳናዊት በአገሯ የማጽናኛ ቃል «አልበረካ ፊኩም» እያለች ስታለቅስ ነው የደረሰች። ንፍሮም ተጥዷል። እኔ «አይደለም! አይደለም!» ብል ሐዘን የጸናብኝ መሰላቸው፤ ያዙኝ።

ከሁሉ የከፋው ሣራ ከትምህርት ቤት መምጣቷ ነው። ደጁን ሙሉ ልቅሶ ስታይ የሞትሁ መሰላት። ጩኸቷን ስሰማ የያዙኝን ሴቶች በታትኜ በራሰ በራዬ ወጣሁ።

«አለሁ! ልጄ፣ አለሁ! የሞተው ገመድ ነው!»

ነጠላቸውን እያቀኑ ከበቡኝ። ስለ ፀጉሬ፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ ላስቲኩ ሁሉንም ነገርኋቸው። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማችኝና «እንግዲያ ገዳይዋ እኔ ነኝ፤ ቅቤው የኔ ነበር» አለች። ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ! ንፍሮውንም በላነው፤ ምን ይደረጋል፣ በስሏል።

ሰኞ ዕለት ድንኳኑ በር ላይ ሻሼን ፈትቼ ባሽሙሃንዲሱ ፊት ቆምሁ። ሱዳን ካሉ አበሾች ጋር አድጎ ልማዳችንን ያውቃል። ደነገጠ። «ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም። ሣጥኑን እኔ ልሥራው።»

ራሴን አየ። ኡስጣ ከውስጥ ሆነው፣ «ቢያፈስ እኔም ከእሷ ጋር እወጣለሁ» አሉ።

ሠራሁት። ሰማይ ለሰማይ፣ ብርቱካን ለብርቱካን፣ ሃያ አራቱም ጮኹ። አርባ ስምንት ብጣሽ ሊጡ ላይ ቆጠርሁ። ዘጋሁት። ሻይ ጠጣሁ፤ ጣዕሙን ዛሬም አላስታውሰውም። ከዚያ መፍቻውን አንሥቼ የዘጋሁትን ከፈትሁ። ቀለበቱን በመብራት ዙሪያውን አየሁት። ምንም የለም። አንድ ጊዜ ደግሜ ጣቴን አዞርሁበት። ምንም። ዘጋሁትና «ይሂድ» አልሁ። ጀማል አምባዛውን ሲለቀው «እትዬ፣ ማማተቡን እንዳትረሺ» አለኝ፤ ድምፁ ግን አይቀልድም ነበር።

ብርሃኑ ተሻገረ። በሦስተኛው ሳምንት ባሽሙሃንዲሱ ራሱ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ክረምቱ ገባ፣ ግድቡ ተከፈተ፣ ደለሉ ሄደ፣ ሌላ ደለል መጣ። ያ ሣጥን እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጧል። ጦርነቱ መጥቶ የካርቱም ሰው ገዳሪፍን ሲሞላት፣ በየጥላው ሥር ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «አለህ? አለሽ?» የሚሉትን ሳይ፣ ከከሰላ ወዲያ ላለ ሰው የሚደውለው ድምፅ በእኔ ሣጥን ውስጥ እንደሚያልፍ አውቅ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። ቤቴ ስገባ ግን ቀና ብዬ ነበር የምሄደው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ተላጨሁ። ሰፈሩም ለመደው። ኡስጣ በሽር የሞቱ ዕለት እውነተኛ ሐዘን ነበረኝ፤ ራሴ እንደ ወትሮው የተላጨ ስለሆነ ማን ሞተብሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ዓይኔ አንዱን መስታወት ሁለት አድርጎ ያሳየኝ ጀመር። አለቆቼ ሳይነግሩኝ ራሴ ነገርኋቸው። በቦታዬ የመጣችው ኢስራ ትባላለች፤ ከካርቱም የተፈናቀለች፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት፤ ሹሩባዋ እስከ ወገቧ ነው። መሣሪያዬን ሳስረክባት ራሴን እያየች በዐረብኛ «ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እኔም መላጨት አለብኝ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው።

«ፀጉርሽን ሸፍኚ፤ ለምን ታጠፊዋለሽ» አልኋት። «የዘጋሽውን መክፈት ብቻ እንዳትረሺ።»

አንድ ሣጥን ስትዘጋ ተቀምጬ አየኋት። ሻይ ጠጣች። ብርጭቆውን አስቀምጣ መፍቻውን አነሣች፤ እኔን ቀና ብላ አላየችም። ያን ጊዜ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

በዘንድሮው ፋሲካ ሣራ ከትርንጎ ቅቤ አምጥታ ይችን አንድ ጣት የምታህል ፀጉሬን ቀባችኝ። ስትቀባኝ ስልኩ ጮኸ፤ ጀማል ነው፣ ከከሰላ።

«እትዬ፣ እንኳን አደረሰሽ! ድምፄ ይሰማል?»

«እጎኔ ያለህ ይመስላል» አልሁት። መንታዎቹ ከኋላው በዐረብኛ ይጨቃጨቃሉ፤ ጭቅጭቃቸውም ጥርት ብሎ ይሰማል።

ስልኩን ስዘጋ አንዲት ነጭ ፀጉር ጉልበቴ ላይ ወድቃ አየሁ። ተነሥቼ ኩሽና ገባሁ።

«እማ፣ ምን ፈለግሽ?» አለች ሣራ።

«ሊጥ።»

«ጡረታ ወጥተሻል እኮ!»

«አውቃለሁ» አልኋትና ያችን ነጭ ፀጉር በሊጡ ለቀምኋት።